በአንድ ሆቴል ላይ ሁለት አድማ

ደባርቅ ላይ ሆቴል አለኝ። ሆቴል የምለው ታፔላው ስለሚል ነው እንጂ ነገሩ በመደዳ የተሠሩ ክፍሎች፣ ከፊት ምግብ ቤት፣ ከጓሮ የበቅሎ ማሰሪያ ነው። አባቴ ዕድሜ ልኩን በዛሪማ በኩል ጨርቅ ሲያመላልስ ኖሮ በእርጅናው የሠራው ነው። እሱ ሲሞት ታላቅ ወንድሜ የጨርቅ ሱቁን ወሰደ፣ እኔ አልጋዎቹን።

ወንድሜን ጋሼ ነው የምለው። ከተማው ውስጥ ስብሰባ ካለ እሱ አለ፤ ስብሰባው ውስጥ እሱ ካለ ደግሞ ውሳኔ አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ለሰው ችግር ቀድሞ የሚደርስ፣ ከደረሰ በኋላ ግን ችግሩን ማን እንዳመጣው ሳይናገር የማይመለስ ሰው ነው።

ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው አበባ ሲለብስ ሁለት ፈረንጅ ሴቶች በየዓመቱ ይመጡ ነበር። አንዷ ረጅም፣ ፀጉሯ የነጣ፣ አገር ጎብኚ የሚያመጣ ድርጅት ያላት ናት። ሌላዋ አጠር ድንቡሽቡሽ ያለች፣ ወፍ እያየች የምትሥል ናት። መጀመሪያ ቱሪስቶቻቸውን ይዘው የመጡ ቀን ለሁለቱ ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ሰጠኋቸው። ረጅሟ አየት አደረገችውና አንድ ሰፊ አልጋ ብናገኝ ይሻለናል አለችኝ። ጋሼ በዚያ ሲያልፍ ነበርና ምን እንደፈለገች ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«ልክ ናት» አለ። «ደባርቅ እኮ ነው። በዚህ ብርድ እህትማማች ምን ለየብቻ ያስተኛዋል?»

ጃኬቱን አውልቆ ሁለቱን ትንንሽ አልጋዎች ከዘበኛው ጋር ተሸክሞ አወጣ። ከእኔ መኝታ ቤት ሰፊውን አምጥቶ አስገባላቸው።

ከዚያ ወዲህ ከተማው ሁሉ እህትማማቾቹ እያለ ይጠራቸው ጀመር። አንዷ ሸምበቆ፣ አንዷ ድንች መምሰሏ ማንንም አላስቸገረም። ተራራውን የሚጠብቅ አንድ ስካውት «በአባት ይለያያሉ» አለ፤ ነገሩም በዚያው ተዘጋ። ተራራው ላይ ወዳለው ጨነቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉ አንድ ሽማግሌ ቄስ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁመው መስቀል አሳለሟቸውና «ፍቅራችሁን ያዝልቅላችሁ» ብለው መረቁ። አስጎብኚው ቃል በቃል ሲተረጉምላት ረጅሟ እዚያው ቆማ አለቀሰች። ቄሱ ያችን እንባ አይተው ምን ያለች አማኝ ናት እያሉ ለመጣ ለሄደው ሲያወሩላት ኖሩ።

እኔ ጋ የሚሠራው ኩክ የዳባት ሰው ነው። ኩክ የምንለው ተራራ ከሚወጡ እንግዶች ጋር አብሮ ወጥቶ የሚያበስለውን ሰው ነው። እሱ ዕቃውን በበቅሎ አስጭኖ ይወጣና ጨነቅ ላይ፣ እጅ በሚያደርቅ ውርጭ፣ በቡታጋዝ ሾርባ ይሠራል፣ ፓስታ ይቀቅላል፣ ከፈለገ ኬክ ይጋግራል። እንግዳ ሲጠፋ ደግሞ እኔ ኩሽና ነው። ቁጥብ ሰው ነው፤ ሳቁ ብቻ ግቢውን አልፎ መንገድ ላይ ይሰማል። ስለ ራሱ የነገረኝ ነገር የለም፤ እኔም የጠየቅሁት የለም። አንድ ኩሽና ውስጥ አብሮ የኖረ ሰው ግን ሳይነገረው የሚያውቀው ነገር አለ። ጎንደር የሚኖር አንድ መምህር ወዳጅ ነበረው፤ ማታ ማታ በስልክ ያወሩ ነበር። መምህሩ ሚስት ሊያገባ ሲል ሚዜ ሆኖ ሄደ። ተመልሶ ሥራ የገባ ቀን ኩሽና ስገባ ዓይኑ ቀልቷል።

«ሽንኩርቱ ነው እትዬ» አለኝ።

በዚያን ቀን የሠራው ምግብ ውስጥ ሽንኩርት አልነበረም።

በአገራችን ሕግ እንዲህ ያለ ፍቅር እስር ቤት ያስገባል። ደባርቅ ላይ ሕጉን አንብቦ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ያላወቀው ግን የለም። ሁለቱ ሴቶች እሱን አይተው ወዲያው ነው ያወቁት። ኩሽናዬ ውስጥ በርጩማ ስበው ይቀመጡና በግማሽ አማርኛ፣ በግማሽ እንግሊዝኛ ሲሳሳቁ ይውላሉ። በምን እንደሚስቁ እኔ አይገባኝም ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩ ጠፋ፣ ቱሪስት የሚለው ቃል ራሱ ከአፋችን ወጣ። ረጅሟ ሴት መስመር በተገኘ ቁጥር ትደውልና «እንመጣለን፣ አንረሳችሁም» ትለን ነበር። ነገሩ ረገብ ብሎ እንግዳ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር፣ ከክረምት በኋላ ሰዎች ይዛ እንደምትመጣ ነገረችን። ክፍሎቹን ቀለም አስቀባሁ። ኩኩ ሻግተው የኖሩትን ድንኳኖች አጥቦ ፀሐይ ላይ ዘረጋቸው። በቅሎ ጫኞቹ ለበቅሎዎቻቸው ገብስ መስጠት ጀመሩ። ያ ለበቅሎም ለሰውም ትልቅ ተስፋ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ በቪዲዮ ደወለች። ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ፊታቸውን ሳየው የሞተ ሰው ያለ መስሎኝ ነበር። የእሷ አማርኛ ስብርባሪ ነው፣ የእኔም እንግሊዝኛ እንደዚያው፤ በሁለት ስብርባሪ ቋንቋ ተግባባን። የእሷ ድርጅትና ሌሎች መሰሎቹ ተሰብስበው፣ እንደነሱ ያሉ ሰዎችን የሚያስር ሕግ ወዳለበት አገር ከእንግዲህ እንግዳ ላለመላክ ወስነዋል። እሷም ደግፋ እጇን አውጥታለች።

«በአንቺ ላይ አይደለም» አለችኝ። «በመንግሥት ላይ ነው።»

«መንግሥት እኔ ጋ አድሮ አያውቅም» አልኳት።

ፊቷን በእጇ ሸፈነች። አጭሯ ስልኩን ተቀበለቻትና ቀስ ብላ፣ ተለማምዳ የመጣች በሚመስል አማርኛ «እኛ እህትማማች አይደለንም» አለችኝ።

በአፌ የመጣልኝን ተናገርኩ። «አልጋዎቹን ያወጣነው እኮ እኛ ነን።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ደግሞ ወዲያው ወደ ልቅሶ ዞረ። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ለእነሱ ይሁን ለቀለም ቀቢው ለከፈልኩት ገንዘብ ለይቼ አላውቅም።

«ታዲያ መቼ ነው የምትመጡት?» አልኩ።

«ሕጉ ሲቀየር» አለች ረጅሟ።

በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ደጃፌ ላይ ያለው የውኃ ቧንቧ ፈንድቶ መንገዱን ጭቃ አድርጎታል። እሱን ለማስጠገን ስንት ዘመን ቢሮ ለቢሮ እንደተመላለስኩ ትዝ አለኝና «እሺ» ብዬ ዘጋሁት።

ለኩኩ መንገር ነበረብኝ። ድንች እየላጠ ነበር። ሴቶቹ እንደማይመጡ ነገርኩት፣ ለምን እንደማይመጡም ነገርኩት። ቢላዋው ቆመ።

«እትዬ፣ ለእኔ ብለው ነው?»

እንዲህ ያለ ቃል በመካከላችን ሲያልፍ የመጀመሪያው ነበር። «ለአንተም ብለው ይመስለኛል» አልኩት።

ድንቹን አስቀምጦ ያን ሳቁን ሳቀ፤ ዘበኛው ምን ተገኘ ብሎ አንገቱን እስኪያስገባ ድረስ። ዘበኛው ሲሄድ ዓይኑን በክንዱ ጠረገና «ተቆርቋሪ ባገኘሁ ቀን ሥራ አጣሁ» አለ።

«ተናደድክባቸው?»

«አይ። እነሱ አገር ሰው ሲያኮርፍ ገበያ ይቀራል ማለት ነው። እኔ ከገበያ ብቀር ማን ያውቅልኛል?» ድንቹን መልሶ አነሳ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቀና ሳይል «ግን እኮ ለእኔ ብሎ ያኮረፈ ሰው ኖሮ አያውቅም» አለ። ቅር ብሎት ይሁን ደስ ብሎት ከድምፁ መለየት አልቻልኩም።

እኔ ለበቅሎ ጫኞቹ ሴቶቹ ታመዋል ብዬ ነበር። ውሸቴ ብዙም አልቆየም። ድርጅቱ ውሳኔውን በገጹ ላይ አውጥቶት ኖሮ አንድ እንግሊዝኛ የሚችል አስጎብኚ ፌስቡክ ላይ አገኘውና የቱሪስት ሥራ ማኅበራችን ስብሰባ ጠራ። አስጎብኚ፣ በቅሎ ጫኝ፣ ባለ ሆቴል፣ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ታጨቀ። ኩኩ በሩ አጠገብ ቆሟል። አስጎብኚው ጽሑፉን እየተረጎመ ኤልጂቢቲ የሚለው ላይ ሲደርስ ትርጉም አጣለትና እንዳለ አነበበው።

አንድ ሽማግሌ በቅሎ ጫኝ እጃቸውን አወጡ። «ይህ ድርጅት ወረዳችን ውስጥ ይሠራል?»

«ድርጅት አይደለም አባቴ» አለ አስጎብኚው።

«በፊደል የሚጠራ ሁሉ ድርጅት ነው። ስንዴ ነው የሚሰጥ ወይስ ዘይት?»

አይፈረድባቸውም። እኛ አገር በፊደላት የተጠራ ነገር ሁሉ መኪና ይዞ የመጣ፣ ስም የመዘገበ፣ የሆነ ነገር ያከፋፈለ ነው። አስጎብኚው አፍሮ በጆሯቸው ነገራቸው። ሽማግሌው «ታዲያ ለዚህ በፊደል ምን አስኬደው» ብለው ተቀመጡ።

ሌላው ግን አልተቀመጠም። ተናጋሪ በተናጋሪ ላይ ተነሳ። ክብራችን ተነካ፣ ባህላችን ተደፈረ፣ እኛን ለመቅጣት እነሱ ማን ሆኑና ተባለ። በመጨረሻ ጋሼ ተነሳና ከዚያ ድርጅት የሚመጣ እንግዳ ደባርቅ እንዳይቀበል ሐሳብ አቀረበ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እንግዲህ አንመጣም ያሉንን ሰዎች ላለመቀበል በሙሉ ድምፅ ወሰንን ማለት ነው። እጄን ማውጣቴን አላስታውስም፤ ግን በሙሉ ድምፅ ነው የተባለው።

አንዱ ደግሞ ጥያቄ አመጣ። እንደነሱ ያሉት በሌላ ድርጅት ተደባልቀው ቢመጡ በምን እናውቃቸዋለን? ጋሼ ትንሽ አሰበና መልሱን ሰጠ። ከእንግዲህ ማንም ሆቴል ለሁለት ወንድ ወይም ለሁለት ሴት አንድ አልጋ አይስጥ። ይህም ተጨበጨበለት።

ከመካከል አንድ ሰው «ያ የዳባቱ ኩክስ?» አለ። «ከሁለቱ ሴቶች ጋር ኩሽና ውስጥ ሲሳሳቅ ነው የሚውለው። ምንድን ነው የሚያስቀው?»

አንገቶች ወደ በሩ ዞሩ።

ጋሼ ሰውዬውን አየው። «ጨነቅ ላይ ይህ ሰው የሠራውን ምግብ በልተህ ታውቃለህ?»

«በልቻለሁ።»

«ታመምክ?»

«አልታመምኩም።»

«እንግዲያው ተቀመጥ። የእኛው ልጅ ነው።»

ሰውዬው ተቀመጠ። ዞር ስል በሩ አጠገብ ማንም አልነበረም።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ደንቡ ሥራ ጀመረ። ደባርቅ ገበያ የሚመጣውን ሰው ለሚያውቅ ነገሩ ግልጽ ነው። ነጋዴ፣ በግ ሻጭ፣ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለው ባለጉዳይ፣ ሾፌርና ረዳቱ፣ ሁሉም ሁለት ሁለት እየሆኑ አንድ አልጋ ነው የሚይዙት። ሒሳቡን ይካፈላሉ፣ ሙቀቱንም ይካፈላሉ። ማንም ማንንም ጠይቆ አያውቅም።

ቀትር አካባቢ ከበየዳ አንድ ቄስና ጎረቤታቸው መጡ። በግ ለመሸጥ ሲወርዱ የዘወትር እንግዶቼ ናቸው። ቄሱ ገና ዱላቸውን ግድግዳ ላይ ሳያስደግፉ የለመዱትን ክፍል እንድከፍትላቸው ጠየቁኝ።

«አባ፣ ለሁለት ወንድ አንድ አልጋ መስጠት ተከልክሏል» አልኳቸው።

«ማን ነው የከለከለ ልጄ?»

«ማኅበሩ።»

«ስለ ምን ምክንያት?»

ለቄስ ይህን እንዴት አድርጌ እንደማስረዳ ጠፋኝ። «በፈረንጆች ምክንያት ነው።»

«ፈረንጆች አልጋውን ያዙት?»

«የለም አባ፣ ፈረንጆቹስ ቀርተዋል።»

ቄሱ ጎረቤታቸውን አዩት፣ መልሰው እኔን አዩኝ። «ከቀሩማ አልጋው ባዶ ነዋ።»

ለየብቻ እንዲይዙ ብለምናቸው ጎረቤትየው ተቆጣ፤ በግ ሸጦ ለአልጋ ሊከፍል እንዳልመጣ ነገረኝ። ሄዱ። ሌሎቹም ሆቴሎች ያንኑ ነበር የሚሉት። ከሰዓት በኋላ መንገዱ ጥንድ ጥንድ ሆነው ከበር በር በሚመለሱ ወንዶች ተሞላ። የእኔ ክፍሎች ባዶ፣ የጎረቤቴም ባዶ። አንድ ሾፌር ነገሩ ሲገባው ረዳቱን አሳፍሮ ወደ ዳባት ሲነዳ ሌላውም ተከተለው። ዳባት እንዲህ ያለ ደንብ አልነበራትም። በዚያች የገበያ ቀን የዳባት ሆቴሎች ከኮሪደር ጀምሮ ሞልተው እንደነበር ኋላ ሰማን። ፈረንጆቹ ባያኮርፉን ኖሮ እኛው ራሳችንን እንዲህ አድርገን ለማኩረፍ ባልበቃን።

አመሻሽ ላይ ጋሼ መጣ። ከኋላው ሁለት ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ ከዛሪማ የመጡ፣ ስስ ነጠላ የደረቡ፣ ጥርሳቸው የሚንቀጫቀጭ። አማቱና የአማቱ ወንድም ናቸው። ቤቱ በእንግዳ ሞልቶበታል።

«አንድ አልጋ ስጪኝ» አለ።

«ለማን?»

«ለእነሱ ነዋ።»

«ጋሼ፣ ሁለቱም ወንድ ናቸው።»

ትክ ብሎ አየኝ። «ሽማግሌዎች እኮ ናቸው።»

«ደንቡ ዕድሜ አልለየም።»

«አትቀልጂ። የቆላ ሰዎች ናቸው፤ ደባርቅ እኮ ነው፤ በዚህ ብርድ ምን ለየብቻ...» አለና ዓረፍተ ነገሩ መሀል ላይ ቆመ።

ዓይኑ ከእኔ ተነስቶ በመደዳው መጨረሻ ወዳለው ክፍል ሄደ፤ አልጋ ተሸክሞ ወደገባበት ክፍል። እዚያ ላይ ትንሽ ቆየ። ነገሩ በዚያች ሰዓት ይሁን የገባው፣ ወይስ ድሮ ገብቶት ከራሱ ደንብ ጋር ገና ያን ቀን ያገናኘው፣ ጠይቄው አላውቅም። ሽማግሌዎቹ ከኋላው እጃቸውን ያፋትጋሉ።

«ክፍሉን ክፈቺላቸው» አለ በቀስታ። «ብርድ ልብስም ጨምሪ።»

ከፈትኩ። በማግሥቱ ጎረቤቴ ያለው ሆቴልም ከፈተ፣ ከዚያ ሁሉም። ደንቡን ማንም አልሻረውም። በቀጣዩ ስብሰባ የበቅሎ ተራ አጀንዳ ነበር፤ ስለ አልጋ የተናገረ ሰው የለም። ጋሼ ስለ በቅሎ ተራ ረጅም ንግግር አደረገ።

ኩኩ ግን ሄደ። ቢላዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ሲያስር ደረስኩበት። ጋሼ ተከላክሎለት እንደነበር ላስታውሰው ሞከርኩ።

«አውቃለሁ፤ አልረሳለትም» አለ። «ግን እትዬ፣ ሰው ምንድን ነው የሚያስቀው ብሎ መጠየቅ ከጀመረ አይተውም። ነገ ደግሞ ለምን ዝም አለ ይላል።»

ለሴቶቹ ደውዬ ነገርኳቸው። በጣም ደነገጡ። ወደ እነሱ አገር የሚሄድበትን መንገድ እንፈልግለት አሉ፤ ጉዳዩን የሚከታተል ጠበቃም እንዳለ ነገሩኝ። እሱ ሲሰማ አመሰገናቸው። ከዚያ ጠበቃው ምን እንደሚጠይቀው ጠየቀኝ። ስለ ራሱ ሁሉን ነገር በዝርዝር መናገር እንዳለበት ነገርኩት።

«ለማላውቀው ሰው?»

«ለማታውቀው ሰው።»

«እኔ ስለ ሾርባ ነው ማውራት የምችል» አለና ዛሪማ አጠገብ መንገድ የሚሠራ ተቋራጭ ካምፕ ውስጥ ምግብ አብሳይ ሆኖ ገባ። ሊማሊሞን ወርዶ፣ ከብርዱ ወደ ሙቀቱ።

የረጅሟ ድርጅት እስከ ዛሬ እንግዳ አልላከም። ያላኮረፉ ሌሎች ድርጅቶች አንዳንድ ጊዜ ይመጣሉ፤ ሕጉን ይወቁት አይወቁት አልጠየቅኋቸውም። አዲሱ ኩክ ጨዋ ነው፣ ሾርባው ግን ውኃ ነው። አጭሯ በየጊዜው የሣለቻቸውን ወፎች በስልክ ትልክልኛለች፤ እኔም የገበያውን ፎቶ እልክላታለሁ። ስለ ሕጉ አናወራም።

ኩኩ አርብ አርብ ይደውልልኛል። ባለፈው ስለ ሙቀቱ አማረረ፤ ሽሮው ከድስቱ ሳይወርድ ይኮመጥጣል አለኝ። ሠራተኛው ሁሉ በአንድ ትልቅ ድንኳን እንደሚያድር፣ ሁሉም ደክሞት ስለሚገባ ማንም ስለማንም እንደማይጠይቅ ነገረኝ። ግሬደር የሚነዳ አንድ ሰው አለ አለኝ፤ ከሥራ ሲወጣ ኩሽናው በር ላይ ተቀምጦ ሽንኩርት ይልጥለታል።

«ደህና ሰው ነው?» አልኩት።

«ዝምተኛ ነው» አለኝ።

ከዚያ ስለ ቲማቲም አወራን፤ ቆላ ላይ ቶሎ ይበላሻል።